ሦስት ሕፃን፣ አንድ አጎበር

መንትዮቼ ሲወለዱ የእህቴ ልጅ ገና አምስት ወሯ ነበር። የምንኖረው አብረን ነው፤ የባሕር ዳር የቤት ኪራይ ነገር መቼም ይታወቃል። ለሦስቱም የደረሳቸው ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል ናት።

ያስቸገረኝ ማስዋቡ ሳይሆን አጎበሩ ነው። ጣና ዳር ያለ አጎበር ሕፃን አይተኛም። ሦስት ክብ አጎበር ሲሰቀል ክፍሉ ድንኳን በድንኳን ሆነ። ሌሊት አንዱን ላነሳ ስጎነበስ ጸጉሬ ይያዛል፣ ስታገል ሦስቱም ይነቃሉ።

መፍትሔው የመጣው በሜትር ስለካ ነው። የአንዱ አልጋ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲጠጉ 1 ሜትር ከ80። አንድ ትልቅ ባለአራት ማዕዘን የቤተሰብ አጎበር ሁሉንም ሸፈናቸው! አራቱን ጫፍ ግድግዳ ላይ አሰርኩ፤ ዳር ዳሩን ፍራሽ ሥር ወተፍኩ፤ የምገባው በግርጌ በኩል ብቻ ነው። አልጋዎቹ እንዳይራራቁ እግራቸውን አጥብቄ አስሬያለሁ።

ቀለሙ ቀላል ነበር፤ ሽታው እስኪጠፋ ሳሎን ተኛን። ከደንገል የተሠራችውን ትንሽ ታንኳ መጀመሪያ ከራሳቸው በላይ ሰቅያት ነበር። ብትወድቅስ ብዬ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ አዛወርኳት።

እማዬ ጠልፋ ያመጣችው ትራስ ግን አልጋ ውስጥ አልገባም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ትራስ አይሆንም። «እናንተን በምን አሳደግሁ?» ብላ አኮረፈች። አሁን ትራሱ የማጠባበት ወንበር ላይ ነው፣ ወገቤን ይደግፋል።