የአሮጌ ስፖርት መኪና ኤሲ፦ ይጠገን ወይስ ይነቀል?

የ1990ዎቹ ማዝዳ ሚያታ (ጣሪያው የሚከፈት ትንሽ ስፖርት መኪና) ወይም መሰሉን ገዝታችሁ ኤሲው ካልሠራ፣ "ንቀለው፣ መኪናው ይቀልልሃል" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አትቸኩሉ። ኤሲው ሲጠፋ ፑሊው (ቤልቱ የሚያዞረው መዘውር) ብቻ ነው የሚሽከረከረው፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚያምቀው ፓምፕ) አይሠራም። ስለዚህ በመንቀል የሞተር ጉልበት አታገኙም ማለት ይቻላል። የሚቀንሰው ክብደት ነው፤ እሱም ለውድድር ካልሆነ ብዙም አይሰማም።

መጀመሪያ ጋዙ በየት እንደሚያፈስ ጋዙ ላይ በሚጨመር ቀለም አስፈትሹ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የደረቀ ኦሪንግ (መገጣጠሚያውን የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) ነው፣ ርካሽ ነገር። ሲስተሙ ከተከፈተ ግን ድራየሩም (እርጥበት የሚመጠው ክፍል) አብሮ ይቀየር። እኔ ስለ መንቀል የማስበው ኮምፕረሰሩ ተበልቶ የብረት ብናኝ ወደ መስመሩ ከላከ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ኮንደንሰሩም (የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው) ኤክስፓንሽን ቫልቩም (የጋዙን ፍሰት የሚመጥነው) መቀየር አለባቸው፣ ቱቦዎቹም መታጠብ አለባቸው፣ ወጪው ሌላ ነው። የቆዩት ሞዴሎች ደግሞ አር 12 ጋዝ ነው የሚጠቀሙት። እሱ ውድ ስለሆነ፣ እግረ መንገዳችሁን በኋላ ወደ ተተካው ጋዝ፣ አር 134ኤ፣ አስቀይሩት፤ ዘይቱም አብሮ ይለወጣል።

ለመንቀል ከወሰናችሁ ጋዙን ጋራዥ ወስዳችሁ በማሽን አስወጡ። አሜሪካ ውስጥ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ፓወር ስቲሪንግ ባለው የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ላይ የመሪው ፓምፕና ኮምፕረሰሩ አንድ ቤልት ይጋራሉ፣ ስለዚህ አጠር ያለ ቤልት ግዙ። የኤሲውን ፋን ተዉት፣ ከዋናው ፋን ጋር እንዲሠራ ከተገናኘ ራዲያተሩን ሊያግዝ ይችላል። የነቀላችሁትንም አትጣሉ፤ ነገ መኪናውን ስትሸጡ ገዢው መጠየቁ አይቀርም።

ደግሞ በዝናብ ጣሪያው ተዘግቶ መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ቶሎ የሚያደርቀው ኤሲው ነው።