1000 ዋት የተባለው ስፒከር ድንኳኑን ለምን አልሞላም?

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ስፒከር ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት ሦስት የዕቃ ግምገማ አንብቤ ነበር። ሦስቱም «1000 ዋት» ይላሉ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ድንኳን ተጥሎ፣ ዘፋኙ ገና ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የስፒከሩ ድምፅ መሰንጠቅ ጀመረ። አጎቴ ጠጋ ብሎ «አንተ ልጅ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። ስፒከሩ ደህና ነበር። ስህተቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ከካርቶኑ ላይ ገልብጠውታል እንጂ አልለኩትም። ይህ ያናድደኛል፤ ሰው ያጠራቀመውን ብር የሚያወጣው እነሱን አምኖ ነው።

ምልክት፦ ድምፁ ሲጨምር ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል።

ምክንያት፦ ካርቶን ላይ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ «ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል ከፍተኛ ኃይል) የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር ሁሉም የተስማማበት የአለካክ ደንብ የለውም። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ መሰንጠቅ ሆኖ የሚሰማን እሱ ነው።

መፍትሄ፦ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። የኔው ላይ በደቃቅ ፊደል «15 ቮልት፣ 3 አምፔር» ይላል። ሲባዛ 45 ዋት ነው። ባትሪ የሌለው ስፒከር ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ማውጣት አይችልም፤ ከየት ያመጣዋል? ባትሪ ካለው ደግሞ የባትሪውን ዋት-ሰዓት (የሚይዘውን የኃይል መጠን) «ይጫወታል» ለተባለው ሰዓት አካፍሉት። 74 ዋት-ሰዓት ይዞ 10 ሰዓት የሚጫወት ከሆነ፣ በአማካይ የሚወስደው 7.4 ዋት ብቻ ነው። ጥሩ ግምገማ ቁጥሩን ብቻውን አይጽፍም። በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መከላከል መጠን)፣ በስንት በመቶ የድምፅ መዛባት እንደተለካ አብሮ ይናገራል። ይህ ከሌለ ቁጥሩን እለፉት።

ምልክት፦ በዋት እጥፍ የሆነ ሞንታርቦ ተከራያችሁ፣ ልዩነቱ ግን እምብዛም አልተሰማችሁም።

ምክንያት፦ «እጥፍ ዋት፣ እጥፍ ድምፅ» የሚል ጽሑፍ ተሳስቷል። ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ያ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋል።

መፍትሄ፦ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ጠይቁ። 96 የሚያወጣው 90 ከሚያወጣው ጋር ለመተካከል ሩብ ዋት ይበቃዋል። ሐይቅ ዳር ድምፁን የሚመልስ ግድግዳም የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሞንታርቦ ፊት ለፊት ከማቆም፣ ሁለት መካከለኛ ወደ እንግዶቹ አስጠግቶ ማቆም ይሻላል።

ምልክት፦ ዘፈን ሳይከፈት «እምምም» የሚል ድምፅ አለ።

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ድምፆችን የሚያቀላቅለው ሚክሰርና አምፕሊፋየሩ ከተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ነው። በሁለቱ የመሬት መስመር (ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀው ሽቦ) መካከል የሚዞረው የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ) መብራት፣ ድምፁ ውስጥ ይገባል። በወርቅ የተለበጠ ገመድ ግዙ የሚሉ አሉ። ወርቅ ዝገት ይከላከላል እንጂ ይህን አያጠፋም።

መፍትሄ፦ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ። የመሬቱን ሽቦ ግን ፈጽሞ እንዳትቆርጡ፤ ይህን የሚመክር ጽሑፍ አይቻለሁ። እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ማይክ የጨበጠ ሰው አለ፤ መብራት ሊይዘው ይችላል።