ውድ ሲንተቲክ ገዝቶ በ3,000 ኪሎ ሜትር መድፋት፦ ድሬ ላይ የሚደጋገሙ የሞተር ዘይት ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ በሞተር ዘይት ጉዳይ ሁለት ዓይነት ባለመኪና አለ። አንዱ የተገኘውን ይሞላል፣ ሲያስታውስ ይቀይራል። ሌላው ገበያው ላይ ያለውን ውድ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀነባበረ ዘይት) ገዝቶ 3,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያስደፋዋል። የመጀመሪያውን መካኒኩ በየቀኑ ይቆጣዋል፤ እኔ አልጨምርበትም። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ለሁለተኛው ነው። መኪናውን ይወዳል፣ ብሩ ግን የሚሄደው ብዙም ወደማይጠቅመው ቦታ ነው።

መንከባከቡ ራሱ ትክክል ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያለችውን ቪትዝ ማሰንበት ግድ ሆኗል።

ስህተት 1፦ ውዱን ገዝቶ እንደ ርካሹ ቶሎ መቀየር

የሲንተቲክ ዋናው ጥቅም ዕድሜው ነው። ሙቀት ሲበረታበት እንደ ሚኒራል፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ እንደሚጣራው ተራ ዘይት፣ ቶሎ አይወፍርም፤ ሞተር ውስጥ የሚተወው ዝቃጭም ያነሰ ነው። ስለዚህ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጣቸው ብዙ ሞዴሎች በ0ደብሊው-20 (ቁጥሩ የውፍረት ደረጃ ነው፤ ስህተት 3 ላይ እመለስበታለሁ) ሲንተቲክ እስከ 16,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። አቧራማ መንገድ ላይ ለሚነዳ ወይም ጭነት ለሚጎትት ግን ወደ 8,000 ያወርደዋል።

3,000 ላይ የተደፋ ሲንተቲክ እንግዲህ ገና ጉልበቱ አላለቀም። በዚያ ርቀት ደረጃውን የጠበቀ ሚኒራል ዘይትም ሥራውን በአግባቡ ይጨርሳል። ቱርቦ (በጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ተራ የኮሮላ ሞተር በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ልዩነቱን አያውቀውም።

ሒሳቡን እናስላው። ሲንተቲኩ የሚኒራሉን እጥፍ ከተሸጠ፣ ወጪው እንዲካካስ እጥፍ መሄድ አለበት። እኩል ርቀት ላይ ከቀየራችሁት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እጥፍ ከፈላችሁ ማለት ነው። በምላሹ የምታገኙት «ለመኪናዬ ምርጡን ሰጠሁ» የሚል እፎይታ ነው። እሱም ቢሆን ዋጋ የለውም አልልም።

«ታዲያ 16,000 እናስኪደው?» ድሬ ላይ? ተዉት አቦ። ዘይቱ ውስጥ የገባ ደቃቅ አሸዋ ሲንተቲክና ሚኒራል አይለይም፤ ሁለቱም ውስጥ ብረት ይፍቃል። በአጭር በአጭሩ ከከዚራ መጋላ ስትመላለሱ ደግሞ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ የሚወርደው ቤንዚንና እርጥበት ተንኖ አይወጣም። እኔ የምመክረው ሚኒራሉን ከ4,000 እስከ 5,000፣ ሲንተቲኩን ከ7,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። በውዱ ዘይት ዋጋ የርካሹን ዕድሜ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

ስህተት 2፦ ዘይቱን ቀይሮ ፊልትሮውን መተው

«ፊልትሮው ለሚቀጥለው ይደርሳል» የሚባል ነገር አለ። አይደርስም። አሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ጥቁር ዘይት ሞተሩ እንደተነሳ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ፊልትሮው ሲደፈን ደግሞ ማለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ መዞር ይጀምራል።

የአየር ፊልትሮው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ አቧራ ወደ ሞተር የሚገባው በዋናነት በእሱ በኩል ነውና። ጋራዥ በሄዳችሁ ቁጥር በኮምፕረሰር እያስነፋችሁ ዓመት ከዓመት የምትጠቀሙበት ከሆነ ወረቀቱ በኃይለኛው አየር ሊቀደድ ይችላል። ቀዳዳው በዓይን አይታይም። አሸዋው ግን ያልፍበታል። በሲንተቲክና በሚኒራል መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ይዛችሁ ሁለቱንም ፊልትሮዎች ግዙ። ለድሬ መኪና ከዚህ የተሻለ ኢንቨስትመንት አላውቅም።

ስህተት 3፦ «አገሩ ሞቃት ነው፣ ወፍራም ይግባ»

ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። የኋለኛው ቁጥር ሞተሩ ግሎ፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለውን ውፍረት ይናገራል። የ0ደብሊው ዘይት ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ፣ የ20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናል። የሐረር ጠዋት ምንም ጋቢ ቢያስደርብ ለዘይት ብርድ አይደለም። ስለዚህ ለብርድ ብላችሁ ውድ 0ደብሊው መግዛት አያስፈልግም፤ ፋብሪካው ራሱ ካላዘዘው በቀር።

የድሬ ሙቀትም ቢሆን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ሞተሩ በደንብ ከሠራ ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ ናቸው። ቪቪቲ-አይ (የቫልቮችን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል ሥርዓት) ያላቸው የቶዮታ ሞተሮች በዘይት ግፊት የሚሠሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ስላሏቸው ከተፈቀደው በላይ ማወፈር ይጎዳቸዋል። የመኪናው መጽሐፍ የሚፈቀዱትን ውፍረቶች ያሳያል። መጽሐፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ዘይት መብላት የጀመረ፣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) የተበላ አሮጌ ሞተር ላይ አንድ ደረጃ ማወፈር ግን ያስኬዳል።

ስህተት 4፦ የመኪና ሲንተቲክ ለባጃጅ

ይሄ ከሁሉም ያበሳጨኛል፤ በጎ አስቦ የሚጎዳ ሰው ያሳዝናልና። የባለ አራት ምት ባጃጅ ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት የመኪና ዘይቶች ደግሞ ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም አላቸው። ያ ቅመም ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ አይሄድም። ባለቤቱም ፍሪሲዮን ለማስቀየር ይሮጣል። ጀሪካኑ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ የጃፓን ደረጃ ነው። ያ ካለ ሚኒራል መሆኑ ምንም አይደለም። ዘይቱ ትንሽ ስለሆነና ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ይበልጣል።

የሐረር ፔጆ 404ም ከዚሁ ወገን ናት። በ1960ዎቹ የተሠራ ሞተር በአብዛኛው የሚስማማው 20ደብሊው-50 ሚኒራል ነው። ሲንተቲክ ስታገቡበት ማጠቢያ ቅመሙ የጎማ ማሸጊያዎቹን ሸፍኖ የኖረውን ቆሻሻ ያነሳዋል፤ ተደፍኖ የኖረው ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ስህተት 5፦ በቀለሙ መፍረድ

ናፍታ ሞተር ላይ ዘይት ወዲያው ይጠቁራል። ጥላሸቱን ይዞ መቆየት አንዱ ሥራው ነው። ለአይሱዙ የምትገዙት ዘይት ለናፍታ የተሠራ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፤ «ሲ አይ-4» የመሰለ በ«ሲ» የሚጀምር ደረጃ ይጻፍበታል።

ስህተት 6፦ ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

ከሰዓት በኋላ ኤሲ ከፍቶ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ጫቱን የሚቅም ሰው የመኪናው ቆጣሪ አይንቀሳቀስም። ሞተሩ ግን ይሠራል። ተሳፋሪ የሚጠብቅ ታክሲም እንዲሁ። ብዙ የምትቆሙ ከሆነ ከ5,000 በፊት ቀይሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ አጠቃቀም ደግሞ ሚኒራሉ በደንብ ይበቃል።

ስህተት 7፦ ውድ ስለሆነ እውነተኛ ነው ብሎ ማመን

አስመሳይ የሚያተርፈው ውድ ስም ባለው ዘይት ነው። ባዶ ጀሪካን ተሰብስቦ ይሞላል። የክዳኑን እሽግ ተመልከቱ፤ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ከአስመሳይ ሲንተቲክ ትክክለኛ ሚኒራል ይሻላል። ከቀየራችሁ በኋላ ባዶውን ጀሪካን ብሱት። አሮጌውን ዘይት ደግሞ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አታስደፉ።

ስህተት 8፦ ይህን ሁሉ ሰምቶ ለቱርቦም ሚኒራል መሙላት

እዚህ ላይ ክርክሩ ይገለበጣል። የቱርቦው ዘንግ የሚሽከረከረው በሞተሩ ዘይት ላይ ሆኖ ነው፤ ከጎኑ የሚያልፈው የጭስ ሙቀት ዘይቱን ወደ ከሰልነት ሊቀይረው ይችላል። ሲንተቲክ ይህን የበለጠ ይቋቋማል፤ ፋብሪካው ካዘዘው ቶሎ ብትቀይሩትም ገንዘቡ አልባከነም። የደንገጎን ዳገት እየጎተታችሁ ወጥታችሁ አናቱ ላይ ስትቆሙ ግን ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ ቱርቦው እስኪበርድ።