የሲስተም ኮል ምላሽ ጊዜን ከሊኑክስ ከርነል ውስጥ እንዴት መለካት ይቻላል?

ፕሮግራም ፋይል ሲያነብ ወይም በኔትወርክ ዳታ ሲልክ በሲስተም ኮል (ጥሪ) አማካይነት ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ዋና ክፍል፣ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍ መዘግየቱ ከራሱ ይሁን ከከርነሉ ለመለየት፣ ጥሪው ወደ ከርነሉ ከገባበት እስከወጣበት ያለውን ጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠቀመው ስትሬስን (strace) ነው። የትኞቹ ጥሪዎች እንደተካሄዱ ለማየት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለጊዜ ልኬት ግን አልመክረውም፤ ፕሮግራሙን በእያንዳንዱ ጥሪ መግቢያና መውጫ ላይ ስለሚያስቆመው ራሱ የፈጠረውን መዘግየት ጭምር ይለካል። ከርነሉ ውስጥ ሆኖ የሚለካው ቢፒኤፍትሬስ (bpftrace) ይሻላል፤ ይጫንና በሩት (በአስተዳዳሪ) ፈቃድ ይከፈታል።

ጅማ ውስጥ በላፕቶፕ ለሚለካ ሰው አንድ ጥንቃቄ አለ። በመሃል መብራት ሲሄድ ብዙ ላፕቶፖች የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ስለሚቀንሱ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የተገኙ ቁጥሮች አይነጻጸሩም። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ቻርጀሩን ነቅሎ ሁሉንም በባትሪ መለካት ይመረጣል።

ዋናው ሥራ በሁለት ትሬስፖይንቶች (ከርነሉ ውስጥ ለክትትል በተዘጋጁ ነጥቦች) ላይ ነው፦ በጥሪው መግቢያ ሰዓቱ በናኖሰከንድ ተቆጥሮ ሰንጠረዥ ላይ ይመዘገባል፣ በመውጫው ከወቅቱ ሰዓት ላይ ይቀነሳል። አስቸጋሪው የሰንጠረዡ ቁልፍ ነው። ቁልፉ የፕሮሰሱ ቁጥር ከሆነ የአንድ ፕሮግራም ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) በአንድ ጊዜ ሲጠሩ የኋለኛው የፊተኛውን ሰዓት ይሽረዋል፤ የፊተኛውም ጥሪ ከእውነተኛው ያጠረ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቁልፉ የትሬዱ ቁጥር መሆን አለበት። ልኬቱ ሲጀመር ከርነል ውስጥ የነበሩ ጥሪዎች ደግሞ የመግቢያ ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ኮምፒውተሩ ከተከፈተበት ጀምሮ ነው፣ ባዶው ቦታ ደግሞ 0 ሆኖ ይነበባል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከተከፈተ 6 ሰዓት ከሆነው አንዲት የንባብ ጥሪ 6 ሰዓት ፈጀች ይባላል። በመውጫው ላይ የመግቢያ ሰዓት መኖሩን የሚያረጋግጥ ማጣሪያ ይህን ያስቀራል። ከተቀነሰ በኋላ መዝገቡ መሰረዝ አለበት።

ውጤቱን በአማካይ ሳይሆን በሂስቶግራም (በየጊዜ ክልሉ ስንት ጥሪ እንዳለ በሚያሳይ ሥዕል)፣ ለእያንዳንዱ የጥሪ ዓይነት ለየብቻ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ጥቂት ረጃጅም ጥሪዎች አማካዩን ያዛባሉና። ረጅም ጊዜ ሁሉ ግን የከርነሉ ድክመት አይደለም፤ ከተርሚናል የሚያነብ ጥሪ ተጠቃሚው ቡና ጠጥቶ ተመልሶ ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል፣ ያም ይቆጠራል።

ሰዓት የሚጠይቁ ጥሪዎች ከውጤቱ ቢጠፉ ስህተት መፈለግ አያስፈልግም፤ ቪዲኤስኦ በሚባለው ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ከርነሉ ውስጥ ሳይገቡ መልስ ያገኛሉ።