«የፍቅር ከንቱ ድካም»ን ለመድረክ ስታዘጋጁ

ጅማ ውስጥ ወጣቶችን ቲያትር ሳለማምድ፣ ከሼክስፒር ቀደምት ኮሜዲዎች ደጋግሜ የምመለስበት ይህን ነው። የናቫር ንጉሥና ሦስት ባልንጀሮቹ ለ3 ዓመት ከትምህርት በቀር ምንም ላያምራቸው ይምላሉ፦ ሴት ማየት የለም፣ እንቅልፍ በሌሊት ለ3 ሰዓት ያህል ብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጾም፣ በቀሩት ቀናት ምግብ አንዴ ብቻ። ወዲያው የፈረንሳይ ልዕልት ከሦስት ደንገጡሮቿ ጋር ትመጣለች።

ልምምዱን ከመሐላው ጀምሩ። ተዋንያን እንደሚፈርስ ስለሚያውቁ ይቀልዱበታል፤ አትፍቀዱላቸው። ተመልካች ያላመነበት መሐላ ሲፈርስ አያስቅም። እኔ አራቱን በጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀምጬ ወረቀቱ ላይ በእውነት አስፈርማቸዋለሁ፤ ከባልንጀሮቹ አንዱ ቢሮን ተከራክሮ ተከራክሮ መጨረሻ ላይ ይፈርማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወረቀቱ እስከ ፍጻሜው ግድግዳው ላይ ይቆይ።

ጊዜያችሁን የምታፈሱበት ግን ንጉሡና ሁለቱ ባልንጀሮቹ፣ ሎንጋቪልና ዱሜይን፣ ተራ በተራ የፍቅር ግጥማቸውን የሚያነቡበት ትዕይንት ነው። ቢሮን ከላይ ይደበቃል፣ ንጉሡ አንብቦ ይደበቃል፣ ሎንጋቪልም እንዲሁ፤ ዱሜይን ብቻውን የሆነ ይመስለዋል። ቃሉን ከማስጠናታችሁ በፊት ቦታ አስይዙ። እኛ መሰላል ላይ ኮባ አስረን ዛፍ አድርገነዋል፤ ንጉሡ ከቡና ጆንያ ጀርባ ይገባል። ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ላይ ሆናችሁ የአራቱንም ፊት ካላያችሁ እንደገና አስይዙ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ አይሰማም፤ ያን ጊዜ ያለ ቃል፣ በእንቅስቃሴ ብቻ እናስኬደዋለን። ታሪኩ እንዲያም ሆኖ ከገባ ትዕይንቱ በስሏል።

ሌሎቹን ሲገሥጽ የቆየው ቢሮን የራሱ ደብዳቤ ሲመጣበት ይቀደዋል፤ ዱሜይን ቁርጥራጩን አንሥቶ ስሙን ያገኛል። ስለዚህ ለየልምምዱ አዲስ ደብዳቤ ጻፉ፤ አራት ቦታ ብቻ ይቀደድ፣ ስሙ ያለበት ጥግም ሳይነካ ይውደቅ። ልጁ ወረቀቱን አድቅቆት ዱሜይን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ስም ሲፈልግ የቀረበትን ቀን አልረሳውም።

ወንዶቹ እንደ ሩሲያውያን ለብሰው የሚመጡበትን ክፍል አሳጥሩት፤ ሴቶቹ ጭምብልና ስጦታ ተለዋውጠው እንዳሳቷቸው ከታየ ይበቃል።

የመልእክተኛውን የማርኬድን መግቢያ ግን አታጣድፉ። የልዕልቲቱን አባት ሞት ሊናገር ይመጣል፤ ሳይጨርስ ይገባታል። እኛ መርዶ የምናረዳው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ እዚህ ግን በጨዋታ መሃል ይገባልና ተመልካቹ ክው ይላል። ማርኬድ አያልቅስ፣ አይሩጥ። ደንገጡሮቹ ዝም ብለው ነጠላቸውን ያዘቅዝቁ፤ አዳራሹ በዚያች ቅጽበት ጸጥ ሲል ሁልጊዜ ሰውነቴን ይወርረኛል።

ሴቶቹ ለወንዶቹ መሐላ ሳይሆን የ12 ወር ጥበቃ ይሰጧቸዋል፤ ቢሮን ዓመቱን ሕሙማንን በማሳቅ ያሳልፋል። ጊዜው ለአንድ ተውኔት እንደሚረዝም ሲናገር ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት አይነሣ። ተውኔቱን የሚዘጉት መዝሙሮች የሚጀምሩት ፊቱን ወደ ተመልካቹ ሲመልስ ነው።