የሚና ጨዋታ መጻሕፍት በምን ፍጥነት ይውጡ? አሳታሚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንድ ታሪክ አብረው የሚፈጥሩ ሰዎች ብዙ ዕቃ አያስፈልጋቸውም። አንድ ጥሩ የደንብ መጽሐፍ ካላቸው ለዓመታት ይጫወታሉ። የእነዚህ የሚና ጨዋታዎች (ሮል ፕሌይንግ ጌም) አሳታሚዎች ፈተናም እዚሁ ላይ ነው። ደንበኛው ሌላ መጽሐፍ ሳይገዛ መኖር ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ደመወዝ መክፈል አለበት። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ። ችግሩ የሚጀምረው የሚወጣበትን ጊዜ ሒሳብ ክፍሉ ብቻ ሲወስነው ነው።

ተጫዋቹ ያለውን ጊዜ መርሳት

አዲስ መጽሐፍ በብዛት የሚሸጠው በወጣ ሰሞን ነው። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቶሎ ሌላ ማውጣት ያጓጓል። ግን ሥራና ቤተሰብ ያላቸው አምስት ሰዎች በሳምንት አንዴ ለሦስት ሰዓት ከተገናኙ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ይመሽበታል፣ ቀጠሮው ይዘለላል። እንዲህ እየተጫወቱ አንድ ወፍራም የጀብዱ መጽሐፍ፣ ማለትም ተጫዋቾቹ የሚያልፉበት ተዘጋጅቶ የተጻፈ ታሪክ፣ ለመጨረስ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ለማንበብ ብቻ የሚገዙ አሉ፤ እነሱም የተከበሩ ደንበኞች ናቸው። ሌላው ሰው ግን አንድ ቀን «የባለፈውን መች ጨረስኩትና» ይልና መግዛቱን ይተዋል።

ጀብዱንና ደንብን እኩል ማየት

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። የጀብዱ መጽሐፍ ያልፈለገ ሰው ይዘለዋል፤ ጨዋታው አይነካበትም። ፓይዞ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጀብዱዎቹን በየወሩ በቅጽ ሲያወጣ ለብዙ ዓመታት የዘለቀው ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ ደንብ ግን ሁሉንም ሰው ይነካል። አንድ ተጫዋች ከአዲሱ መጽሐፍ ያገኘውን አስማት ይዞ ሲመጣ፣ ጨዋታውን የሚመራው ሰው (ጌም ማስተሩ) ማንበብና ከሌላው ጋር ማመዛዘን ግድ ይሆንበታል። መጽሐፉ እንዲሸጥ ደግሞ አዲሱ ችሎታ ከአሮጌው ትንሽ በለጥ እንዲል ይደረጋል። ይህ አራት አምስት ጊዜ ሲደጋገም፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብቻ የያዘ ሰው ገጸ ባሕርይው ከሌሎቹ ጎን ደካማ ሆኖበት ይቀመጣል።

የታዋቂውን የሚና ጨዋታ፣ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን፣ ሁለት እትሞች እንይ። አራተኛው እትም የተጫዋቹን ዋና መጽሐፍ በ2008 አወጣ። ሁለተኛው በ2009፣ ሦስተኛው በ2010 ተከተሉ፤ በመካከላቸውም ሌሎች የደንብ መጻሕፍት ነበሩ። አምስተኛው እትም በ2014 ሲጀምር ግን ረጋ አለ። ሦስቱ ዋና መጻሕፍት ከወጡ በኋላ ትኩረቱ ጀብዱ ላይ ሆነ። የመጀመሪያው ትልቅ የደንብ ማስፋፊያ የመጣው በ2017 መጨረሻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ አዳዲስ ሰዎች ወደ ጨዋታው ገቡ። በኢንተርኔት የሚተላለፉ ጨዋታዎችም ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም አንድ ጀማሪ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አይቶ «ከየት ልጀምር?» ሳይል፣ በአንድ መጽሐፍ መጀመር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ገዢን በብዙ ዓለማት መበተን

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ቲኤስአር፣ በኋላ ላይ አዳዲስ የጨዋታ ዓለማትን፣ ማለትም ታሪኩ የሚካሄድባቸውን ምናባዊ ቦታዎች፣ በላይ በላዩ አወጣ። በ1989 ስፔልጃመር፣ በ1990 ሬቨንሎፍት፣ በ1991 ዳርክ ሰን፣ በ1994 ፕሌንስኬፕ፣ በ1995 በርዝራይት መጣ። ፎርጎትን ሪልምስን የመሳሰሉ ቀድመው የነበሩም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ተከታታይ መጻሕፍት ነበሩት። ብዙዎቹ ድንቅ ሥራዎች ናቸው፤ ፕሌንስኬፕን ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዳርክ ሰን የሚጫወት ሰው የበርዝራይትን መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? የደራሲው፣ የሠዓሊውና የማተሚያው ወጪ ያው ነው፤ ገዢው ግን ተከፋፈለ። ድርጅቱ ከራሱ ጋር ተወዳደረ። በዕዳ ተይዞ በ1997 ለሌላ የጨዋታ አሳታሚ፣ ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ ተሸጠ። ሳይሸጡ የተመለሱለት መጻሕፍትን ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩበት፤ ይህኛው ግን በራሱ እጅ የነበረ ነው።

እትም ቶሎ መቀየር

የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛ እትም በ2000 ወጣ። የተሻሻለው 3.5 በ2003 ተከተለ። ሦስት ዓመት! ለአሮጌው ደንብ ተጨማሪ መጻሕፍት ያሳተሙ ትንንሽ ድርጅቶችና መጻሕፍቱን የገዙ መደብሮች ዕቃቸው ባንዴ አሮጌ ሆነባቸው። በ1981 የተጀመረውን ሌላ የሚና ጨዋታ፣ ኮል ኦፍ ክቱልሁን፣ ተመልከቱ። ሰባተኛ እትሙ ላይ ደርሷል፤ ግን የድሮ ጀብዱዎቹን በትንሽ ማስተካከያ ዛሬም መጫወት ይቻላል። እትም መቀየር ካለበት፣ ሰዎች ቤታቸው ያስቀመጡትን የማይጥል ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሳይጻፍ ቀን መቁረጥ

የሚወጣበት ቀን ከታወጀ በኋላ ጽሑፉ ቢዘገይ፣ የማተሚያ ቤቱና የማጓጓዣው ጊዜ አያጥርም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሙከራው ነው። በእውነተኛ ተጫዋቾች ያልተፈተነ ደንብ ይታተማል፣ ከዚያ ገጽ ሙሉ እርማት ይከተላል። ከሕዝብ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሰበስቡ አሳታሚዎችማ ጽሑፉን ከጨረሱ በኋላ ቢጀምሩ ለራሳቸውም ይቀላቸዋል።

መጥፋት

ቀስ ማለት ጥሩ ነው፤ ድምፅ ማጥፋት ግን አይደለም። ሁለት ዓመት ምንም ካልተሰማ ሰው ጨዋታው ሞቷል ይላል። አጭር ጀብዱ በፒዲኤፍ ወይም ነፃ የእርማት ገጽ ብዙ ወጪ የለውም፤ ጨዋታው በሕይወት እንዳለ ግን ያሳያል።

በእኔ አስተያየት ለትልቅ ጨዋታ በዓመት አንድ የደንብ መጽሐፍና ሁለት ጀብዱ ይበቃል። ለትንሽ አሳታሚ ደግሞ አንድ የተሟላ መጽሐፍ አውጥቶ ወደ ሌላ ጨዋታ መሻገር ነውር የለውም። ሌላ መጽሐፍ እንደማይመጣ ግን በግልጽ ይናገር፤ የገዛው ሰው በከንቱ እንዳይጠብቅ።