የበር ላይ ፑል አፕ ባር ከመግጠማችሁ በፊት

ቤት ውስጥ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን በክንድ ወደ ላይ መሳብ) ለመሥራት በር ላይ የሚገጠም ባር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከባሩ በፊት በሩን እዩት። ብዙ ጊዜ የሚከዳው ብረቱ ሳይሆን መቃኑ ነው። መቃኑን አንኳኩት፣ ገፋ ገፋ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከተነቃነቀ ወይም ከተሰነጠቀ ሌላ በር ፈልጉ።

በመቃኑ ሁለት ጎኖች መካከል እየዞረ በግፊት ብቻ የሚጠብቀው የባር ዓይነት ለመግጠም ቀላል ነው። እኔ ግን በብሎን የሚታሰር መያዣ ከሌለው አላምነውም። ስትንጠለጠሉበት እጃችሁ ባሩን በጥቂቱ ሊያዞረው ይችላል፤ ሳይታወቃችሁ ይላላል። ለስላሳ ቀለም የተቀባ መቃን ላይ ደግሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱን መያዣዎች በውሃ ልክ አስተካክሉና፣ ከላይ ያለውን ስስ ጣውላ አልፎ ጠንካራው እንጨት ውስጥ በሚገባ ብሎን እሰሯቸው። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፤ አለበለዚያ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። (የኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩን ቀድሞ መጠየቅ ነው።)

ሲያልቅ ወዲያው ዘላችሁ እንዳትይዙት። እግራችሁ መሬት ሳይለቅ ክብደታችሁን ቀስ በቀስ ጣሉበት። ከጮኸ ወይም ከተንሸራተተ እንደገና አጥብቁት። ባሩ ላይ የተጻፈውን የክብደት ገደብ እስከ ጫፍ አትጠቀሙበት፤ መዝለልና መወዛወዝ ጫናውን ከራሳችሁ ክብደት በላይ ያደርሰዋል። ተዘቅዝቆ መንጠልጠልማ ጭራሽ አይታሰብ። ከሥር ያለውን ዕቃ አንሱ፤ ሰው ድንገት እንዳይገፋውም በሩን በሽብልቅ አስይዙት። ጥብቀቱን ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ፈትሹ።